ቄሱ እስከየት ወጡ?

ሰፈሩ ሁሉ «ድመቱ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት አብረውት ጣሪያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቆርቆሮ ተሸክሞ በጣሪያ ጫፍ ላይ ሲራመድ መሬት ላይ ያለ ነበር የሚመስለው። ጣሪያን ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስሙ ግን አልተወውም። አሁን አንድ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ይሸጣል። ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ «እሱ እንኳ አልቋል» ይላል። ዕቃው ግን እዚያው ከአናታቸው በላይ ተደርድሮ ይታያል። ደንበኛው አንዴ ዕቃውን፣ አንዴ እሱን አይቶ፣ ምን አለፋኝ ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ጣሪያን ለምን ተወ? ለጠየቀው ሁሉ «ወገቤን» ነው የሚለው። ምን ወገብ አለ! ወገቡ እንደ ብረት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የዝናብ ማግስት የወፍጮ ቤት ጣሪያ ላይ ሳለ እግሩ ከዳውና ተንሸራቶ አሸንዳው ላይ ተንጠለጠለ። ጓደኞቹ መሰላል እስኪያመጡለት ድረስ እግሮቹ አየር ላይ ሲወዛወዙ ቆዩ። ሲያወርዱት አንድ ቦታ እንኳ አልተጫረም። ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። በማግስቱ መሰላሉን ሲይዝ ግን ላብ አጠመቀው፤ ሐሞቱ ፍስስ አለ። «ፈራሁ» ማለት ከሞት በላይ መሰለውና «ወገቤን» አለ። ሚስቱም አምናው ይኸው እስከ ዛሬ ማታ ማታ ደህናውን ወገቡን በቅባት ታሸዋለች። እሱም ልፋቷ ከንቱ እንዳይቀር ያቃስትላታል።

ይህ ሰው ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው ሥራ ስትውል ያዘለችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት፣ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ «እትዬ» ነው የሚላት፤ ስትቆጣውም ቀና ብሎ አያያትም። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ተማሪዎቿ «ቀይ ቢክ» የሚል ስም ሰጥተዋታል፤ እውነታቸውን ነው። የሠርግ ካርድ ይዘህ ብትሄድ እንኳ መጀመሪያ ስህተቱን ካረመች በኋላ ነው «እንኳን ደስ ያላችሁ» የምትልህ። ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ እየያዘች ነው፤ አፏ ግን ምንም አልሆነም።

ዋናው በሽታዋ ታዲያ ዳሌዋ ሳይሆን ቄሱ ናቸው። ሰባት ቤት ወደ ላይ ሲቆጠር፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የኖሩ አንድ ቄስ በቤተሰቡ ውስጥ አሉ። እናታቸው ስለ እሳቸው ስታወራ ትናንት ከቤት የወጡ ነበር የሚመስለው። ኮረብታው ላይ ባለው በትልቁ የካህናት ትምህርት ቤት ተምረው ጨረሱ፤ ከዚያም አገሩን ሲያጠምቁና ሲቀብሩ ኖረው በክብር ሞቱ ትል ነበር። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ሀብት የለ፣ ርስት የለ፣ ሹመት የለ፤ የተማሩ ቄስ ግን ነበሩን ይባል ነበር።

ያ ትምህርት ቤት በቄሱ ዘመን አንድ ሥርዓት ነበረው። ተማሪው ንባቡን፣ ዜማውንና ስብከቱን ተፈትኖ ካለፈ በኋላ መሮ ይሰጠውና የደወሉን ማማ ይወጣል። ደወሉ የተሰቀለበት አግዳሚ ግንድ ላይ ስሙን ቀርጾ ይወርዳል። ቄስ ማለት እሳት ሲነሣ፣ ጎርፍ ሲመጣ ሮጦ ወጥቶ ደወል የሚደውል ሰው ነውና፣ መውጣት ያቃተው ሌላውን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ «ጨረሰ» አይባልም። ፈተናውን ያላለፈ ደግሞ መሮውን አይጨብጥም፣ መሰላሉንም አይነካም። የትምህርት ቤቱ ወረቀት በሙሉ በአንድ ቃጠሎ ስለጠፋ፣ ማን እንደጨረሰ የሚመሰክረው ያ ግንድ ብቻ ነው።

የእናትየውን ኩራት ያፈረሰው የአክስታቸው ልጅ ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ «ዳኛው» ይሉታል፤ ሳይጠየቅ የሚፈርድ ሰው ነው። አንድ ቀን፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ሳለ፣ ዘመድ በሙሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስቦ ከታች እየጠበቀው ማማው ውስጥ ገባ። ሲወርድም አቧራውን ከልብሱ እያራገፈ ፍርዱን ሰጠ። «በባትሪ እያበራሁ ግንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቤዋለሁ። የኛ ቄስ ስም የለም። ሰውዬው ሳይማሩ ነው ቄስ ነኝ ሲሉ የኖሩት።» እናታቸው ምንም አልመለሰችም። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስም የቄሱን ነገር በአፏ አላነሣችም።

እትዬ የዛን ቀን የተሰማትን እስካሁን አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ዕረፍት በመጣ ቁጥር ቄሱን ፍለጋ ነው። የመቃብር ድንጋይ ስታጥብ ታነባለች፤ ከሩቅ ደብር ያረጁ ካህናት እየፈለገች ትጠይቃለች፤ የማታውቀውን ሰው አውቶቡስ ላይ ይዛ «አያትህ ስለዚያ ትምህርት ቤት ምን ይሉ ነበር?» ትላለች። ቄሱ የት እንዳገለገሉ አገኘች፤ የት እንደተቀበሩም አገኘች። የት እንደተማሩ ግን ወፍ የለም። ማማውንም ራሷ እንዳትወጣ ያኔውኑ አደገኛ ነው ተብሎ በሩ ተቆለፈ።

አሁን ደግሞ ማማው ሊፈርስ ነው። ግድግዳው ከሥር እስከ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሰኞ ስካቫተር ይመጣል ተባለ። እትዬ ተቋራጩ ዘንድ ሄዳ ግንዱን ብቻ አውርዱልኝ ብላ ለመነችው። «እናቴ፣ ስካቫተር እንጨት እየመረጠ አያፈርስም» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ ከተፍ አለች። በእጇ ትልቅ የብረት ቁልፍ ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የድሮ ተማሪዋ ነው፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ሰጥቷታል።

«ተነስ፣ እንሂድ» አለችው።

«ወዴት?»

«ማማው ላይ ነዋ። አንተ ትወጣና ግንዱን ታነብልኛለህ።»

ድመቱ የያዘው የሚስማር ፓኬት ከእጁ አምልጦ ባንኮኒው ላይ ተበተነ። ሚስማሩን እየለቀመ ጊዜ ሊገዛ ሞከረ። «እትዬ፣ ወገቤ እኮ...»

«አውቃለሁ ወገብህን። ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ድመቱ እየተባልክ መሰላል ልትፈራ ነው?» አለችና ሳቀች። እሷ ቀልዷን ነው። እሱ ግን የሆነ ሰው በርበሬ ዓይኑ ውስጥ የነሰነሰበት ያህል ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ጣሪያ ሠሪ እንጥራ አላት፤ የሚወድቅ ማማ ውስጥ ማንን ትልካለህ አለችው። የሱቁ ባለቤት አይለቀኝም አላት፤ አስፈቅጄዋለሁ አለችው። ማታ እንሂድ አላት፤ ማታ ደግሞ ምን ይታያል አለችው።

«ግድ የለም፣ ተወው» አለች በመጨረሻ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ እያስገባች። «እኔው እወጣለሁ።»

ትወጣለች። ያቺን ሴት የሚያውቃት ሰው ትወጣለች ብሎ ይምላል። በዚያ ዳሌዋ፣ በዚያ መነጽሯ፣ አንድ እጇን ግድግዳ ላይ አድርጋ ትወጣና ተሰባብራ ትወድቃለች። ድመቱ ይህን በዓይነ ሕሊናው ሲያየው፣ ለራሱ ከፈራው የበለጠ ለእሷ ፈራ። ኮቱን አንሥቶ ተከተላት። መንገዱን ሙሉ እሷ ስለ ቄሱ ስታወራ እሱ አንዷንም ቃል አልሰማም፤ የየቤቱን ጣሪያ ከፍታ በዓይኑ ይለካ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ባዶ ነው። የተሰባበሩ ዴስኮችና ጥቁር ሰሌዳዎች ግንቡን ተደግፈው ተከምረዋል። የማማው በር ሲከፈት የእርግብ ኩስና የረጠበ ኖራ ሽታ ወጣ። ውስጡ ጠባብ ነው። አንድ የእንጨት መሰላል ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ይሄድና መካከል ላይ ካለ የእንጨት ርብራብ ይደርሳል፤ ከርብራቡ ላይ ሌላ መሰላል ተነሥቶ ደወሉ ወደነበረበት ይቀጥላል። ደወሉን ራሱን ቀደም ብለው አውርደውታል። በግድግዳው ስንጥቅ የቀን ብርሃን ይገባል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

«እንግዲህ በርታ» አለች እትዬ፣ ባትሪውን እያቀበለችው። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ደስታ አንጀቱን በላው።

የመጀመሪያውን መረገጫ ረገጠ። ከዚያ ሁለተኛውን። አካሉ ሥራውን አልረሳም፤ እጁ የት መያዝ እንዳለበት፣ እግሩ መረገጫውን በየት በኩል መርገጥ እንዳለበት ያውቃል። የረሳው ልቡ ነው። ትንሽ እንደወጣ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታ ጀመር። ወደ ታች አትይ አለ ለራሱ፤ አየ። የእትዬ ሻርፕ እታች ትንሽ ሆኖ ታየው፤ የዚያን ጊዜ ማማው በሙሉ የዞረ መሰለው። መሰላሉን አቅፎ ግንባሩን እንጨቱ ላይ ለጠፈ።

«ደረስክ?» አለች ከታች።

«እየደረስኩ ነው» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እንዴት ርብራቡ ላይ እንደወጣ እሱም አያውቅም። ደረቱን አስቀድሞ በሆዱ ተሳበና ሳንቃው ላይ ተዘረጋ። ሳንቃው ተንቋቋ። ከግድግዳው አንድ የኖራ ቅርፊት ተፈንቅሎ ወረደ፤ እታች እስኪያርፍ ድረስ ብዙ ጊዜ የፈጀ መሰለው። አጠገቡ አንድ ወፍራም ምሰሶ ነበርና እንደ ሕፃን ልጅ ተጠመጠመበት። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው መሰላል እዚያው አጠገቡ ነው፤ ግን ያንን መሰላል ከሚወጣ ቢሞት ይሻለዋል። መውረዱንም አስቦ አቃተው። ለመውረድ ምሰሶውን መልቀቅ አለበት፤ ምሰሶውን ደግሞ እጁ አልለቅም አለ። ቆሌው ተገፈፈ ማለት ይህ ነው። ሚስቱ ትዝ አለችው፤ ልጆቹ ትዝ አሉት፤ እዚሁ ሆኖ ሰኞ ስካቫተሩ ሲመጣ ታየው።

«ምነው ዝም አልክ? ወገብህ ነው እንዴ?»

መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። በዚህ መካከል ነው ጣቶቹ ምሰሶው ላይ የሆነ ነገር የዳበሱት። እንጨቱ ልሙጥ አይደለም። ከሳንቃው ብዙም ከፍ ሳይል፣ እሱ ተጠምጥሞ እጁ ያረፈበት ቦታ ላይ፣ ተፍቋል፣ ተቦርብሯል። ባትሪውን እንደምንም ከኪሱ አውጥቶ አበራ። አቧራውን እፍ አለው።

የቄሱ ስም ነው። ከነአባታቸው ስም፣ ከነዓመተ ምሕረቱ።

ድመቱ አፍጥጦ አየው። ቆሞ የሚቀርጽ ሰው በዓይኑ ትክክል ነው የሚቀርጸው፤ ይህ ግን የተቀረጸው ተቀምጦ ነው፣ ያውም ምሰሶ ታቅፎ። ፊደሎቹ ሁሉ ድርብ ናቸው፤ መሮው አንዱ ቦታ ላይ አልረጋ ብሎ ጎን ለጎን እየተንሸራተተ ፍቋል። ድመቱ ራሱ ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ቀን በኋላ ሚስማር ሊመታ ሲሞክር እጁ እንዲህ ነበር የሆነው። ሰውዬው ይንቀጠቀጡ ነበር። ፈተናውን አልፈዋል፣ መሮውን ተቀብለዋል፣ መሰላሉን ወጥተዋል፤ እዚህ ሲደርሱ ልባቸው ከዳቸው። ከዚያም ስማቸውን እዚሁ ጽፈው ወረዱ።

ይህን እያሰበ ሳለ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማ።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልመጣልህ ነው። ዝም ብለህ ጠብቀኝ» አለች። ትንፋሿ ከአሁኑ ተቆራርጧል።

አቤት የዚያን ጊዜ ድንጋጤው! እትዬ መሰላል ላይ ናት። መነጽሯ፣ ዳሌዋ፣ ያ የበሰበሰ እንጨት። «ተመለሺ» ቢላት አትመለስም። «አገኘሁት» ቢላት ላየው ብላ ትወጣለች፤ «አላገኘሁትም» ቢላት ራሷ ልትፈልግ ትወጣለች። የሚያስቆማት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ መውረድ አለበት። ምሰሶውን ለቀቀ። እንዴት እንደለቀቀው አትጠይቁኝ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ እግሮቹን ወደ ባዶው ሰደደ። እግሩ መረገጫ ይፈልጋል፤ መረገጫ የለም። አየሩን ይረግጣል። ያ አሸንዳ፣ ያ የወፍጮ ቤት ጣሪያ እንደገና መጣ።

ድንገት አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። የእትዬ እጅ ነው። ያዘችና እግሩን አምጥታ መረገጫው ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ነው» አለች። «ሌላውን ስጠኝ።»

ሌላውንም ሰጣት። አንድ መረገጫ እሷ ትወርዳለች፤ ከዚያ የሱን እግር ይዛ ታወርደዋለች። ያኔ ልጅ ሳለ መራመድ ስታስተምረው እግሩን እያነሣች እንዲሁ ነበር የምታደርገው ይባላል። የሚሰማው የእሷ ማለክለክና የእንጨቱ ጩኸት ነው። መሬት ሲደርሱ ድመቱ የእርግብ ኩሱ ላይ ዘጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። እጇ አሁንም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው።

«ወገብህ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

ነገራት። የወፍጮ ቤቱን፣ አሸንዳውን፣ በማግስቱ የሆነውን፣ ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል እንኳ መቀየር እንደማይችል ዘክዝኮ ነገራት። ሲጨርስ እንድትቆጣው ጠበቀ፤ አልተሳሳተም።

«አንተ ውሸታም» አለች። «ያንን ቅባት ከከተማ እያስመጣሁ ለሚስትህ የምልከው እኔ ነኝ እኮ። ስንት ዓመት ሙሉ!» ቀጥላም ልትጮህበት ትንፋሽ ሳበች፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። «ልገድልህ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ስትል የወደቅክ መስሎኝ ነበር።» እትዬ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም፤ እናታቸው ስትሞት እንኳ ለእንግዳ ወንበር ስታመቻች ነበር። አሁን ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ቆይቶ ነው ቄሱን የነገራት። ስማቸው ርብራቡ ላይ እንደሆነ፣ እንዴት ተቀምጠው እንደጻፉት፣ ፊደሉ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። «አልጨረሱም ማለት ነው» አለች። እሱም «አልጨረሱም፣ እትዬ» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ይህን ከእሷ አይቶ አያውቅምና ማማው ውስጥ ከነበረው የባሰ አስፈራው።

ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ዳኛው ጋር መደወል ነው። ቀይ ቢክ ለራሷም አትራራም፤ ስህተት ስህተት ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ድመቱ አጠገቧ ተቀምጧል።

«አንተ ልክ ነበርክ» አለችው ያለ ሰላምታ። «ግንዱ ላይ የሉም። ርብራቡ ላይ ነው ስማቸው ያለው። እዚያ ድረስ ወጥተው ፈርተው ተመልሰዋል።»

«ርብራቡ ላይ የት?» አለ ዳኛው።

«ምሰሶው ላይ። መሰላሉ አጠገብ ያለው።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሏት «ሃሎ» አለች።

«ያንን ምሰሶ አውቀዋለሁ» አለ ዳኛው። የፍርድ ቤት ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፤ የሽማግሌ ድምፅ ብቻ ነበር የቀረው። «ተጠምጥሜበት ነው የቆየሁት። ምንም አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ከዚያስ? ግንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩ አላልክም?»

«አልወጣሁም እህቴ። ከርብራቡ አላለፍኩም። ዘመድ ሁሉ ከታች ይጠብቀኛል። ፈርቼ ተመለስኩ ልበል? እሱን ከምል አንድ የሞቱ ሰው ላይ መዋሸት ቀለለኝ።»

እትዬ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «እናቴ በዚያ ቃልህ አንገቷን ደፍታ ነው የሞተችው» አለችው። አልጮኸችም። ዳኛው «አውቃለሁ» አለ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው የአንድ ትልቅ ሰው ልቅሶ ነው። አንድም የማጽናኛ ቃል ሳትናገር፣ ግን ስልኩንም ሳትዘጋ፣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። ግንዱን ማንም አላየውም ማለት ነው። ቄሱ የዛን ቀን ፈርተው ቢወርዱም በሌላ ቀን ተመልሰው ወጥተው ይሆናል። ምናልባት ስማቸው ግንዱ ላይ አለ፤ ምናልባት የለም። የሚያውቅ የለም። ሰኞ ደግሞ ገና ነገ እሑድን አሳልፎ ነው የሚመጣው፤ ቁልፉም ጠረጴዛው ላይ ነው። እትዬ ቁልፉን ታያለች። ድመቱ እትዬን ያያል። እዚያ ርብራብ ላይ እንደገና መውጣቱን ማሰብ እንኳ አይፈልግም። ግን ይህች ሴት አዝላ አሳድጋዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉም የፈለገችው ይህን አንድ ነገር ነው።

«ነገ እወጣለሁ» አለ። «ከሥር ሆነሽ እግሬን ከያዝሽልኝ...»

«አትወጣም።»

«እትዬ፣ ይኸው አሁን ባንወጣ እኮ መቼም አናውቅም።»

«አትወጣም አልኩህ» አለች። «ቄሱ ሞተዋል። እናታችንም ሞታለች። አንተ አለህ።»

ቁልፉን አንሥታ ሻርፗን ተከናንባ ወጣች፤ እያነከሰች ሄዳ ለዘበኛው መለሰችለት። ድመቱ በመስኮት ሆኖ እስክትታጠፍ ድረስ አያት። ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ፤ እያፈረም ደስታው አልለቀው አለ። ፍርሃት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሲለቅህም አዋርዶህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሰው እንዳይጠጋ ከተወጠረው ገመድ ወዲህ ቆመው ሲጠብቁ ዳኛው በዱላ እየተመረኮዘ መጣ። ማንም አልጠራውም። እትዬ አየችው፤ ቆየችና ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችው። ስካቫተሩ ክንዱን ሲያነሣ ሦስቱም ወደ ኋላ አሉ። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ እትዬ ፊቷን ወደ ወንድሟ ኮት አዞረች። ግድግዳው በስንጥቁ በኩል ተከፈተ፤ ርብራቡ፣ ምሰሶው፣ መሰላሎቹ አንድ አፍታ በቀን ብርሃን ታዩ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ወረደ። አቧራው ግቢውን ሞላው።

«አለቀ?» አለች ፊቷን ሳታነሣ።

«አለቀ፣ እትዬ።»

አቧራው ሲሰክን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወደ እነሱ መጣ። ወጣት ነው፤ የእሷን ፍለጋ በወሬ ሰምቷል። ነፍስ ይማር ሲባል እንደሚደረገው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። «ቲቸር፣ ያኛው አያትዎ ቄስ እዚህ ተምረው ነበር ይባላል። እውነት ነው?»

ዳኛው ዱላውን ጨበጠ፤ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እትዬ መነጽሯን አውልቃ አቧራውን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፤ መልሳ አደረገችው።

«ተምረዋል» አለች። «ፈሪ ነበሩ። እንደ እኛው።»